የእናቴን ልብ ይዘን ወደ ሲያትል

ከተመለስን ገና ወር አልሞላንም። ወደ ቤታችን ብቅ ያለ ሰው ሁሉ «እስኪ አሜሪካ እንዴት ናት?» ይለኛል። እኔ ከአሜሪካ የማውቀው አንድ ማድቤት፣ አንድ ሆስፒታልና ዝናብ ነው። ስለ ፎቅ እንዳወራላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ተስፋ ቁረጡ። ፎቁን ያየሁት በመኪና መስኮት ነው፤ እሱንም ቢሆን እናቴ መተንፈሷን ለማረጋገጥ በየደቂቃው ወደ ኋላ እየዞርኩ።

የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናዝሬት ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ትይዛለች። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች «የልብሽ ደም ስር ጠቧል፤ እዚህ አገር የሚከፍትልሽ የለም» አሏት። ሲያትል የምትኖር እትዬ ብርነሽ የምትባል አብሮ አደጓ አለች። እሷ ደብዳቤ ጽፋ፣ ፋክስ ልካ፣ ሰው ለምና አንዲት የልብ ሐኪም በነፃ እንድታያት አስማማች። ከምርመራው በኋላ ለሕክምናው ያለው ቀን አንድ ብቻ ነው፤ በደረስን በሁለተኛው ሳምንት አርብ። ያ አርብ ካለፈ ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች፤ የእኛም ቪዛ ብዙ ሳይቆይ ያበቃል። ስለዚህ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አርብ ብቻ ነበር።

እኔን የወሰደችኝ ለአስተርጓሚነት ነው። ማትሪክ አልመጣልኝም፤ እንግሊዝኛ ግን ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ከናዝሬት ተነሳን። እናቴ ሽሮ፣ በርበሬና በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ጤና አዳም ይዛለች። አውሮፕላኑ ውስጥ የሚቀርበውን ሁሉ ትበላለች። ቀዝቃዛ ዓሣ አመጡ፤ በላች። ዓሣ በሕይወቷ ወድዳ አታውቅም።

«ለምን ትበያለሽ? ተይው እንጂ» አልኳት።

«ልጅቷ ቅር ይላታል።»

«እማዬ፣ ልጅቷ ሦስት መቶ ሰው ነው የምታበላው። ያንቺን ዓሣ መች ታስታውሳለች?»

«አንቺ ስለማታፍሪ ነው» አለችና ቅቤውንም በማንኪያ በላችው። የእናቴ በሽታ ልብ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ፍራንክፈርት ላይ ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ወንበሩ የብረት ነው። ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ስድስት ሰዓት ብትጠብቁ ከአሥር ሰው ጋር ትዋወቃላችሁ፤ እዚያ ግን አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎም አላየን። ተነስቼ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ እናቴ «ተቀመጪ፣ እግርሽ ሊነቀል ነው» ትለኛለች። ከንፈሯ ሰማያዊ መሰለኝ። በመብራቱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ሲያትል ገባን። ጉምሩክ ላይ ጓንት ያጠለቀ ሰው ጤና አዳሙን አውጥቶ አሸተተ። እኔ ፊቴ ቀላ፤ ዕፅ ነው ብሎ የሚያስረን መሰለኝ። «ፎር ሻይ፣ ፎር ሆድ» አልኩ፤ ሆድ በእንግሊዝኛ ጠፍቶኝ እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ሳቀና ወደ ቆሻሻ ጣለው። ሽሮውን መለሰልን።

የተቀበሉን ጋሽ ተስፋልደት ናቸው። የአሥመራ ልጅ ሆነው ካዛንቺስ ያደጉ፣ ከሲያትል አጠገብ ዴ ሞይን የሚኖሩና እዚያው ኤርፖርት የሚሠሩ የእትዬ ብርነሽ ወዳጅ ናቸው። የእናቴን ሻንጣ ብቻ ሳይሆን እናቴንም ሊሸከሙ ምንም አልቀራቸውም።

«ሶ፣ እንዴት ናችሁ? መኪናውን ሩቅ ነው ፓርክ ያደረግኩት፤ ይቅርታ። እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ አምጥቼ አስገባዎታለሁ። ብርነሽን ኮል አድርጌያታለሁ፣ ገብተዋል ብያታለሁ። በሩ ላይ ቆማ ነው የምናገኛት።»

እውነታቸውን ነው። ቢከን ሂል ላይ፣ አቀበቱ ጫፍ፣ ትንሽ አረንጓዴ ቤት በር ላይ እትዬ ብርነሽ በዝናብ ቆማለች። እናቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይቺ ናት ትርሲት? ቀጭን ነሽ፤ እናበላሻለን» አለችኝ። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር «እርስዎ ብለሽ አታስረጂኝ፤ አንቺ በይኝ» ብላ አፌን ዘጋችው።

የእኛ አገር ጥቅምት አጥንት የሚያሞቅ ፀሐይ አለው። የእነሱ ጥቅምት ሰኔ ነው፤ ያውም ነጎድጓድ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚያለቅስ ሰኔ።

ሐሙስ ማድቤቱን አየሁ። ፍሪጁ በወረቀት ተሸፍኗል፤ ከጋዜጣ የተቀደደ፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረበት። እትዬ ብርነሽ የአንድ ትምህርት ቤት ማድቤት ሠራተኛ ናት። ባሏ ጋሽ ወንድሙ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ስለ ልብና ምግብ የሚሰጥ ትምህርት ገብታ አንድም ቀን አልቀረችም።

«ፍላቮኖይድ» አለችኝ፣ የመልአክ ስም እንደሚጠራ ሰው። «ተክል ራሱን ከፀሐይና ከተባይ የሚጠብቅበት ነገር ነው። ብዙው ቀለምም ከእሱ ነው የሚመጣው። ሰው ሲበላው የደም ስሩን ያለሰልስለታል፣ ደሙ እንዳይጓጉል ያደርጋል ይላሉ። ሻይ ውስጥ አለ፣ ቀይ ሽንኩርት ውስጥ አለ፣ ወይን ውስጥ አለ።»

«ሽንኩርት ልብ ካዳነ ናዝሬት ለምን ሰው ይሞታል? በቀን ስንት ሽንኩርት ነው የምንከትፈው?»

«በዘይት ድብን እስኪል እያቃጠላችሁት!»

ልጇ ሊያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መጽሐፏን አንስታ እየወጣች «ማም፣ ኢናፍ! እንግዶች ናቸው፣ ስቱደንት አይደሉም» አለች።

«አንቺ ዝም በይ። አባትሽ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ ነበር።»

ሊያ በሩን ዘግታ ወጣች። እትዬ ብርነሽ ስሙን የማላውቀውን ፍሬ ትጨምቅ ጀመር። ብርቱካን አይደለም፣ ከብርቱካን ይተልቃል፤ ውስጡ ቀይ ነው። ግሬፕፍሩት ይባላል። በትልቅ ብርጭቆ ሞልታ ለእናቴ ሰጠቻት። ስኳር የለውም።

«በሞቴ ጨርሺው፣ ጥሩዬ። በቀን ሦስት። እስከሚቀጥለው አርብ ድረስ ያንን የደም ስር አጥበን እናጸዳዋለን!»

እናቴ ጨረሰችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ይጣፍጣል» አለች። እኔም ቀመስኩ። ኮሶ ነው። ቀጥ ያለ ኮሶ።

በደረስን በሦስተኛው ቀን፣ አርብ፣ ለመጀመሪያው ምርመራ ከሐኪሟ ጋር ተያየን። እትዬ ብርነሽ ሥራ ስለነበረች ጋሽ ተስፋልደት አደረሱን። ሐኪሟ ረጅምና ቀጭን ናት፤ ስትናገር ቀስ ትላለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። የእናቴን ደረት አዳመጠች፣ ማሽን ላይ አስተኛቻት። በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቧ ይወስዳሉ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ነፍተው የጠበበውን ደም ስር ይከፍታሉ። በሚቀጥለው አርብ ማለት ነው። «እስከዚያ ግን ከፍ ያለው የደም ግፊቷ መስተካከል አለበት» ብላ ከአገር ያመጣነውን ክኒን አስቀርታ ሌላ አዘዘችላት።

ከዚያ ጠየቀች፤ ምን ትበላለች? ምን ትጠጣለች? ቅጠል፣ ሥር፣ ከአገር የመጣ ነገር አለ? ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«ውሃና ሻይ በያት» አለች እናቴ።

«ጭማቂውስ?»

«የሰው ቤት ምግብ ቆጥሬ ላወራ? ደግሞ በቀን ሦስት ብርጭቆ ስትሰማ ምን ትለኛለች፤ ሆዳም ናት ትበለኝ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ጭማቂ ነው፤ ጭማቂ ምን ያደርጋል? «ወተር ኤንድ ቲ» አልኩ። ሐኪሟ ጻፈችው። ያንን እስክሪብቶ ዛሬም ሳስበው እንቅልፍ ያሳጣኛል።

ቅዳሜ ግሬፕፍሩት አለቀ። እትዬ ብርነሽ ተረኛ ስለነበረች እኔ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም፤ የእናቴን ትንፋሽ ስቆጥር ላብድ ነበር። ገዛሁ፣ ከዚያ የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር አደረሰኝ። ወርጄ በእግሬ አቀበቱን ጀመርኩ። ዕቃው የተሰጠኝ በወረቀት ከረጢት ነው፤ በዚያ ዝናብ! መሐል አቀበት ላይ የከረጢቱ ቂጥ ተቀደደ። አሥራ ሁለት ግሬፕፍሩት ቁልቁል እየነጠረ ሄደ።

ናዝሬት ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር፤ ግማሹንም ልጆች ይበሉት ነበር። እዚያ ግን ሽቅብ ይመጣ የነበረ አውቶቡስ ቆመ። ሹፌሯ፣ ወፍራም ጥቁር ሴት፣ ተሳፋሪዎቿን እንዳሉ ትታ ወረደች። እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ አንድ ውሻ የያዘ ሽማግሌ ከመሐል ሆነን ለቀምነው። አንዱ ብቻ ጠፋ። ሹፌሯ የራሷን የፕላስቲክ ከረጢት ባዶ አድርጋ ሰጠችኝና «ስዊትሃርት፣ ማንን ነው የምትመግቢው?» አለችኝ። «ማይ ማዘር። ሃርት» አልኩ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች፤ እስከ እትዬ ብርነሽ ሰፈርም በነፃ ወሰደችኝ። ከሲያትል ሰው ሁሉ የማልረሳት እሷን ነው። ያን ቀን ግን ምን ይዤ እንደምወጣ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

እሑድ የእናቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል አለች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ ጣቴን ስጭነው ጉድጓድ ሠራ።

«የአውሮፕላን ነው» አለች እትዬ ብርነሽ። «የበረረ ሰው ሁሉ ያብጣል። አራተኛ ብርጭቆ እንጨምርላት።»

«ይቅር እንጂ፣ እትዬ ብርነሽ። በዛ።»

እናቴ በጎን አየችኝ። ያ እይታ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ ሰው ፊት ምላሴን የሚቆርጥ እይታ። ብርጭቆውን ተቀብላ ጠጣች።

ሰኞ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ወደቀች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም፤ ልብስ እንደሚወድቅ ነው የወደቀችው። እኔ «እማዬ!» እያልኩ ፊቷን ስመታ ሊያ ስልኩን አንስታ ደወለች፣ በእንግሊዝኛ አድራሻውን ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጡ፤ የመጣው ግን የእሳት አደጋ መኪና ነው፤ ለካ እዚያ አገር ለበሽተኛም የሚደርሰው እሱ ነው። ቤቱ ተቃጥሏል ብለው ነው ብዬ «ኖ ፋየር! ኖ ፋየር!» እያልኩ በሩ ላይ ጮህኩ። አንደኛው ትከሻዬን ይዞ ወደ ጎን አደረገኝና ወደ እናቴ ገባ። እኛ ጋ ቢሆን ጎረቤት በብርድ ልብስ ተሸክሞ እስከ አስፋልት ያወጣታል፣ ሃያ ሰውም ይከተላታል። እዚያ አራት ሰው ዝም ብሎ፣ ምንም ሳያለቅስ ወሰዳት። ማን ይሻላል አትበሉኝ፤ እናቴ በሕይወት አለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ግፊቷ እጅግ ወርዷል አሉ። ክኒኑን በግማሽ ቀነሱት። እትዬ ብርነሽ ከሥራ ሮጣ መጣች። ሐኪሟ ምን በልታ እንደነበር ስትጠይቅ እትዬ ብርነሽ ራሷ በእንግሊዝኛ መለሰች፤ «ጤናማ ምግብ ብቻ፤ አትክልትና ፍራፍሬ»። ውሸት አልተናገረችም። እኔ ጤና አዳሙን ጠርጥሬ፣ አገር ቤት ስትጠጣው ነበር ብዬ ተናዘዝኩ። ሐኪሟ በትዕግሥት ሰማችኝና «ሳምንት ሙሉ ካልጠጣች እሱ አይሆንም» አለች።

የእኛ ሰው ሆስፒታል የተኛ ሰው ባዶ እጁን አይጠይቅም። ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ብርነሽ ፔርሙዝ ይዛ መጣች። ነርሶቹ ሻይ መስሏቸው አለፉ። ቀይ ጭማቂ ነው። የሆስፒታሉ ምግብ ሳይነካ ተቀምጧል፣ እናቴ የፔርሙዙን ክዳን ይዛ ትጠጣለች። ግፊቷ ደግሞ አልነሳም፤ ክኒኑን ቀንሰውላት እንኳ አልነሳም።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። «ልቧ የምናስበውን ያህል ጠንካራ ላይሆን ይችላል። እስከ ነገ ማታ ካልተስተካከለ አርብ አይደረግም። አደጋው ይበዛል» አለችኝ። «ከአርብ በኋላስ?» ስላት መዝገቡን ዘግታ ወደ ሌላ ክፍል ገባች።

አሳንሰር ጠብቄ አላውቅም፤ በደረጃው ሮጥኩ። ምድር ቤቱ ላይ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አለ። አንዲት አጭር ፊሊፒናዊት መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ክኒን ትቆጥራለች። የክኒኑ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ፊቷ ወረወርኩት ማለት ይቻላል።

«ይህ ክኒን ሰው ይጥላል?»

«ሲበዛ ይጥላል።»

«አልበዛም። እንዲያውም ቀንሰዋል።»

ወረቀቱን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከመሳቢያ አንድ የታጠፈ ጽሑፍ አውጥታ አነበበች። «እናትሽ ግሬፕፍሩት ትጠጣለች?»

ከየት አወቀች? «ሦስት ብርጭቆ» አልኩ። «እሑድ አራት።»

ክኒኗን መቁጠር አቆመች። ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አስረዳችኝ። ያ ፍሬ ለብቻው ጥሩ ነው። ይህ ክኒን ግን አንጀት ውስጥ ሲደርስ ከፊሉ መሰባበር አለበት፤ ፍሬው ያንን ይከለክላል፣ ስለዚህ አንዱ ክኒን ደም ውስጥ ሲገባ የብዙ ክኒን ያህል ይሆናል። በቅርብ ነው የታወቀው። ፍላቮኖይዱ ራሱ ነው የሚሉ አሉ፣ እዚያው ፍሬ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው የሚሉም አሉ፤ ገና አልለየለትም። «ዛሬውኑ ታቁም። ለሐኪሟ አሁን እደውልላታለሁ» አለች።

ወደ ላይ ተመለስኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እትዬ ብርነሽ የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለተኛውን ክዳን እየቀዳች ነበር።

ሐኪሟ ከኋላዬ ገባች። ወደ ፔርሙዙ በጣቷ አመለከተችና ምን እንዳለበት ጠየቀችኝ።

እናቴ በአማርኛ ቶሎ አለች፤ «ሻይ ነው በያት።»

እትዬ ብርነሽ እናቴ ለምን እንደምትደብቅ አልገባትም፤ ፈገግ ብላ ሐኪሟን ታያለች። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ።

«ግሬፕፍሩት ነው። ከሐሙስ ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ ትጠጣለች። አርብ ስትጠይቂኝ ውሃና ሻይ ያልኩሽ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። እየጣላት ያለው እሱ ነው፣ ከክኒኑ ጋር ሲገናኝ።»

እናቴ «አሳፈርሽኝ!» አለች። ድምጿ ደካማ ነው፤ ቃሉ ግን በጥፊ መታኝ። «ሰው ባበላን፣ ሰው ባስጠለለን!»

እትዬ ብርነሽ ክዳኑን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሐኪሟ «ማንም ጥፋት የለበትም፣ ብዙ ሐኪምም ይህን አያውቅም» ስትል አልሰማቻትም። እናቴን ብቻ ነው የምታየው።

«ትወጂው ነበር?» አለቻት።

እናቴ ብርድ ልብሷን አስተካከለች።

«ጥሩወርቅ። ጭማቂውን ትወጂው ነበር?»

«...ይመራል» አለች እናቴ።

እትዬ ብርነሽ ክዳኑን ፔርሙዙ ላይ ገጠመች። እያጠበቀችው «አንድ ቃል ብትነግሪኝ» አለች። «አንድ ቃል። በገዛ እጄ ሁለተኛ ሰው ልቀብር ነበር።» ኮቷን ይዛ ወጣች።

ረቡዕ አልመጣችም። የእናቴን ግፊት በየሰዓቱ ይለካሉ፣ እኔ ቁጥሩን ነርሷ ሳትጽፈው በትከሻዋ በኩል አነባለሁ። ትንሽ ተነሳ። ደግሞ ትንሽ። እናቴ አታናግረኝም። ማንም ጠያቂ ያላመጣውን የሆስፒታል ሾርባ ለብቻዋ ትጠጣለች፣ በየጉርሻው በሩን ታያለች።

ከሰዓት ሊያ ብቻዋን መጣች። «ማም ፍሪጁ ላይ ያለውን ሁሉ ቀደደችው» አለችኝ። «ወረቀቱን ሁሉ። ሥራም አልሄደችም። ፕሊዝ፣ መጥተሽ አናግሪያት፤ እኔን አትሰማኝም።»

ጋሽ ተስፋልደት ወሰዱኝ። መኪናውን በር ላይ አቁመው «እኔ አልገባም። ሴት ስታዝን ወንድ ሲገባ ለወጉ መጽናናት አለባት፣ ያ ደግሞ ያደክማል» አሉኝ። እትዬ ብርነሽ ማድቤት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የፍሪጁ በር ባዶ ነው፤ ነጭነቱ ያስፈራል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። «አርብ እውነቱን ብናገር ኖሮ ያኔውኑ ያስቆሟት ነበር። እናቴ አትናገሪ ስላለችኝ ሳይሆን ጭማቂ ነው ብዬ ስለናቅኩት ነው።»

«ለወንድሙም ስሰጠው ነበር መሰለሽ?» አለች። «አልሰጠሁትም። እሱ ሲሞት ምንም አላውቅም ነበር። ከሞተ በኋላ ነው ማወቅ የጀመርኩት። ያወቅኩት እንዲህ ሊሆን!»

«መድኃኒት ቤት ያለችው ሴት ፍሬው ጥፋት የለበትም ብላለች። ክኒን የማይወስድ ሰው ይጠጣዋል። ሽንኩርቱም፣ ሻዩም ጥሩ ነው ብላለች። አንቺ ያወቅሽው ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ልጅ ማጽናናት አታውቂም።»

«አላውቅም።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አለቀሰች። እኔም ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ የተቀደዱትን ወረቀቶች ከቅርጫቱ አወጣንና ስለ ግሬፕፍሩት የሚለውን ፈለግን። አንድም ቦታ ስለ ክኒን የሚል የለም። ሁሉንም አነበበችልኝ፤ ለማረጋገጥ።

ሐሙስ ሐኪሟ «ነገ እናደርገዋለን» አለች። ደስታ አልመጣልኝም፤ ሌላ ፍርሃት ቦታውን ያዘ። አርብ ጠዋት እናቴን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። ልትገባ ስትል እጄን ያዘች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ብርነሽ መጥታለች?» አለችኝ። «መጥታለች፤ ውጪ ናት። ምንም አልያዘችም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ እትዬ ብርነሽ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ ነበር።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። እኔ ኮሪደሩን ስመላለስበት አንዲት ነርስ ወንበር አመጣችልኝ፣ ቀጥሎ ሌላ ነርስ ሌላ ወንበር አመጣችልኝ። ሐኪሟ ወጥታ አውራ ጣቷን አሳየችን። ተከፍቷል። «ግን» አለች፤ እነሱ አገር ከደስታ በኋላ ሁልጊዜ «ግን» አለ። በወራት ውስጥ መልሶ የሚጠብ ሰው አለ፤ መከታተል ያስፈልጋል። ያንን «ግን» ሻንጣዬ ውስጥ ይዤው መጥቻለሁ። እናቴ ስታነጥስ እንኳ ደረቷን አያለሁ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን እትዬ ብርነሽ ቤት ተቀመጥን። የሁለቱ ወዳጅነት የተጠገነ ብርጭቆ ይመስል ነበር፤ ሁለቱም በጥንቃቄ ይይዙታል። እትዬ ብርነሽ የምታቀርበውን ሁሉ ከክኒኑ ወረቀት ጋር እያስተያየች፣ መድኃኒት ቤት እየደወለች ታቀርባለች። እናቴ ደግሞ «እግዜር ይስጥሽ» እያለች የቀረበላትን ትጨርሳለች። ምንም አልተለወጠችም ብዬ ተናድጄ ነበር።

የመጨረሻው ቀን፣ ጋሽ ተስፋልደት ወደ ኤርፖርት ሊወስዱን ሲመጡ፣ እትዬ ብርነሽ ጠረጴዛው ላይ ሻይና ፖም አቀረበች። በዚያ አገር ጥቅምትና ኅዳር የፖም ጊዜ ነው፤ እንደኛ ሙዝ በየቤቱ በቅርጫት ይቀመጣል።

«ሻይ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት እናቴን።

አንድ ጊዜ ብቻ። «በሞቴ» የለ፣ «እኔን ይንሳኝ» የለ። እናቴ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። እትዬ ብርነሽ ከንፈሯን ነክሳ አልደገመችም። ጋሽ ተስፋልደት ሰዓታቸውን አዩ።

«አልፈልግም» አለች እናቴ። ሰው ቤት ተቀምጣ ይህን ቃል ስትል በሕይወቴ የሰማኋት ያን ዕለት ነው። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን ቀጠለች። «ፖሙን አምጪው። ግን ላጪልኝ። ልጣጩ ጥርሴ ውስጥ ይገባል።»

እትዬ ብርነሽ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። «ጥሩዬ፣ ፍላቮኖይዱ በብዛት ያለውኮ ልጣጩ ላይ ነው።»

«ይሁን። አልወደውም።»

እትዬ ብርነሽ ቀስ ብላ፣ ሳይቆረጥ፣ ዙሪያውን ላጠችው። ፖሙን ለእናቴ ሰጠቻት። ልጣጩን ግን አልጣለችውም፤ እዚያው ቆማ እናቴን እያየች ራሷ በላችው።